ሃይኩን ወደ ሙዚቃ፦ 17 ድምፅ፣ 7 ዝምታ

ሃይኩን፣ አጭሩን የጃፓን ግጥም፣ ወደ ሙዚቃ ለመለወጥ ያደረግኩት የመጀመሪያው ሙከራ አራት ደቂቃ ይረዝም ነበር። ከኮምፒውተሩ ኮቶ የሚባለውን የጃፓን የክር መሣሪያ የሚመስል ድምፅ መረጥኩ። የቤተ መቅደስ ደወል ጨመርኩበት። ፏፏቴ አስገባሁ፣ ወፍ አስገባሁ። ከሥር የተንጣለለ የኪቦርድ ድምፅ አነጠፍኩለት። በማግሥቱ ግጥሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት። በአንድ ትንፋሽ አለቀ። አራት ደቂቃ ሙሉ ያወራሁት ግጥሙ ዝም ስላለበት ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ገለበጥኩት። አሁን የምጀምረው ከቆጠራና ከዝምታ ነው። የመሣሪያው ድምፅ ቆይቶ ይመጣል። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። ክራር፣ ዋሽንት፣ ጊታር ወይም ኪቦርድ፣ ካላችሁ አንዱ ይበቃል። ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ፣ እንደ ኦዳሲቲ ወይም ባንድላብ ያለ ነፃ የቀረጻ ፕሮግራም፣ ወረቀትና እርሳስ። ጃፓንኛ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ግጥሙን በጃፓንኛ ድምፁ ማንበብ ግን ግዴታ ነው፤ እንዴት እንደሆነ አሳያችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ድምፅ ያለበት ግጥም ምረጡ

ለመነሻ አራት ስሞች ይበቃሉ። ማትሱዎ ባሾ (1644–1694)፣ ዮሳ ቡሶን (1716–1784)፣ ኮባያሺ ኢሳ (1763–1828) እና ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902)። ቡሶን ሠዓሊም ስለነበር ግጥሙ ለዓይን ያደላል። ኢሳ ለዝንብና ለድንቢጥ ሳይቀር አንጀቱ የሚላወስ ሰው ነው። ባሾ ግን ጆሮ አለው። ለሙዚቃ ከእሱ ብትጀምሩ አትቆጩም።

ከባሾ ሦስት ግጥሞችን እጠቁማለሁ። አንደኛው በ1686 የተጻፈው የኩሬው ግጥም ነው፦ አሮጌ ኩሬ፣ ዘላ የምትገባ እንቁራሪት፣ የውሃ ድምፅ። ሁለተኛው በ1689 በሰሜን ጃፓን በእግሩ ሲጓዝ ያማዴራ ከሚባለው የተራራ ቤተ መቅደስ ላይ የጻፈው ነው። እዚያ ጸጥታ አለ፣ የሲካዳዎች ጩኸትም ወደ ዓለቱ ውስጥ ይሰርጋል። ሲካዳ ማለት ዛፍ ላይ ተጣብቆ በበጋ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ነፍሳት ነው። ሦስተኛው የሳፋው ግጥም ነው፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፣ በጣም ስለምወደው።

ስትመርጡ አንድ ነገር ያዙ። ባሾ በዘመኑ የሚጽፈውን “ሃይኩ” አይለውም ነበር። ስሙ “ሆኩ” ነው፤ መክፈቻ ማለት። ገጣሚዎች ተሰብስበው እየተቀባበሉ ረጅም ግጥም ይሠራሉ፣ ሆኩ የዚያ የመጀመሪያ ቁራጭ ነው። “ሃይኩ” የሚለውን ስም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያጸናው ሺኪ ነው፤ መክፈቻውንም ራሱን የቻለ ግጥም አድርጎ አቆመው። ይህ ለእኛ ተራ ታሪክ አይደለም። ግጥሙ ሲወለድ ጀምሮ ቀጣይ ሰው እንዲቀበለው ክፍት ሆኖ የተሠራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሙዚቃችሁ ሲያልቅ በሩ ገርበብ ብሎ መቅረት አለበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

2. በፊደል ቁጠሩ

ሃይኩ 5-7-5 ነው ሲባል ሰምታችኋል። የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው ይስታል። የሚቆጠረው ቃል አይደለም። የእኛ ዓይነት የቃል ክፍለ ድምፅም በትክክል አይደለም። አንድ አጭር ምት ነው። ረጅም አናባቢ ሁለት ይቆጠራል። ለብቻው የቆመ “ን” አንድ ይቆጠራል። ጠብቆ የሚነበብ ድምፅ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ይወስዳል። ስለዚህ “ቶኪዮ” በጃፓኖች ጆሮ ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ ነው፣ አራት ምት። ጃፓን ራሷን የምትጠራበት “ኒፖን” “ፖ” ስለሚጠብቅና “ን”ም ለብቻው ስለሚቆጠር እሱም አራት ነው።

እኛ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ካና የሚባለው የጃፓኖቹ ጽሕፈት ልክ እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ ይይዛል። የኩሬውን ግጥም በግዕዝ ፊደል ጻፉት፦

ፉ ሩ ኢ ኬ ያ
ካ ዋ ዙ ቶ ቢ ኮ ሙ
ሚ ዙ ኖ ኦ ቶ

ቁጠሩ። አምስት፣ ሰባት፣ አምስት። አንድ ፊደል፣ አንድ ምት። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ይህን ለማየት ሰረዝ ማስገባት አለባቸው፤ እኛ ግን እንዲሁ እናየዋለን። ሁሉንም ፊደል እኩል እያስረዘማችሁ አሥር ጊዜ አንብቡት። በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ። አንዱን ጫን ሌላውን ቀለል አታድርጉ።

የአማርኛ ትርጉሙን ግን በፊደል አትቁጠሩ። ሳድሳችን ይዋጣል። “ብርሃን” ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን ሁለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ መዝፈን ከፈለጋችሁ ሥዕሉን በአጭሩ ተናገሩት፤ 17 ለመሙላት ብላችሁ ቃል አትለጥፉ። ቤት መምታትም አይጠበቅባችሁም፤ ሃይኩ ቤት አይመታም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ እንቁራሪቷን ሰም አድርጋችሁ ሥሯ ወርቅ አትቆፍሩ። እንቁራሪት ናት። ውሃው ውሃ ነው። ሙዚቃው የሚበላሸው ትርጉም ሲጫንበት ነው።

3. 24 ሳጥን ሥሩ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት።

ጃፓኖች 5-7-5ን ሲያነቡ እያንዳንዱ መስመር ስምንት ምት ውስጥ እንደሚቀመጥ ብዙ የሥነ ግጥም አጥኚዎች ያስረዳሉ። አምስት ድምፅ ያለው መስመር ሦስት ባዶ ምት ይከተለዋል። ሰባት ያለው አንድ ባዶ ይኖረዋል። ወረቀት ላይ ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ ስምንት ሳጥን አስምሩ። በሙዚቃ ቋንቋ አራት አራተኛ የሆኑ ሦስት ሜዠሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ስምንተኛ ኖታ። ፊደሎቹን አስገቡ፣ ባዶውን በሰረዝ ሙሉ፦

ፉ ሩ ኢ ኬ ያ – – –
ካ ዋ ዙ ቶ ቢ ኮ ሙ –
ሚ ዙ ኖ ኦ ቶ – – –

17 ድምፅ፣ 7 ዝምታ። ዝምታው ከድምፁ ጋር አብሮ የተቆጠረ ነው። ለመተንፈሻ ተብሎ በኋላ የገባ አይደለም፤ የግጥሙ አካል ነው።

ሜትሮኖሙን፣ እኩል ምት የሚመታውን መሣሪያ ወይም አፕ፣ በደቂቃ 80 ላይ አድርጉና ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ምት ስጡ። ግጥሙ በሙሉ 18 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ብዙ ካፈጠናችሁት ዝምታው ይጠፋል። ብዙ ካዘገያችሁት ደግሞ ድምፆቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

አሁን አንድ ለውጥ ሞክሩ። የመካከለኛውን መስመር ባዶ ሳጥን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አምጡት፦

ፉ ሩ ኢ ኬ ያ – – –
– ካ ዋ ዙ ቶ ቢ ኮ ሙ
ሚ ዙ ኖ ኦ ቶ – – –

ሁለቱን እያፈራረቃችሁ አንብቡ። በሁለተኛው ከ“ያ” በኋላ አራት ባዶ ሳጥን ተከታትሎ ይመጣል፤ ሦስት ሰከንድ ሙሉ። ከዚያ “ካዋዙ” ትነሳና “ቶቢኮሙ” ዘላ ያለማቋረጥ “ሚዙ” ላይ፣ ውሃው ውስጥ ትወድቃለች። “ካዋዙ” እንቁራሪት፣ “ቶቢኮሙ” ዘሎ መግባት፣ “ሚዙ” ውሃ ማለት ነው። በመጀመሪያው አቀማመጥ እንቁራሪቷ አየር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ትገባለች። አንዲት ባዶ ሳጥን ተነቅላ ሌላ ቦታ ስለተቀመጠች ብቻ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለያማዴራው የሲካዳ ግጥም ግን የመጀመሪያው ይሻላል፣ ምክንያቱም እዚያ ምንም የሚዘል ነገር የለም።

4. ቁረጡ

በሃይኩ ውስጥ “ኪሬጂ” የሚባል ነገር አለ፤ ቆራጭ ቃል። “ያ”፣ “ካና” እና “ኬሪ” በብዛት የሚታዩት ናቸው። በኩሬው ግጥም “ፉሩኢኬ” አሮጌ ኩሬ ነው፤ “ያ” ደግሞ ቆራጩ። ራሷን ችላ የምትተረጎም ቃል አይደለችም። ኩሬውን ከቀረው ግጥም ትለየዋለች፣ አንባቢውንም እዚያ ታቆመዋለች። ከመቁረጫው ወዲህ አንድ ዓለም፣ ወዲያ ሌላ ዓለም።

በሙዚቃ ይህን የምናደርገው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ለኩሬው አንድ ባሕርይ ስጡት፦ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ቦታው ላይ የሚቆይ። ለዝላዩ ሌላ፦ አጭር፣ ቅርብ፣ ፈጣን። በሁለቱ መካከል ድልድይ አትሥሩ። አንዱን እያደበዘዛችሁ ሌላውን እያመጣችሁ አታገናኙ። በኮርድ አታሸጋግሩ። ክሩን መትታችሁ ድምፁ እስኪሞት ጠብቁ፤ ከዚያ ሌላው ይግባ። ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ በ1967 ለኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ በሠራው “ኖቬምበር ስቴፕስ” የቀርከሃ ዋሽንቱን ሻኩሃቺንና የክር መሣሪያውን ቢዋን ከምዕራባዊው ኦርኬስትራ ጋር አስቀምጧቸዋል፤ ግን አላቀላቀላቸውም። ጎን ለጎን ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ለመስማት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ስለ እንቁራሪቷ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በጥንታዊው የጃፓን ግጥም እንቁራሪት የምትታወቀው በድምፅዋ ነበር። ገጣሚዎች የሚያወድሱት ጩኸቷን ነው። ባሾ የመጀመሪያውን መስመር ገና ሳያገኝ ደቀ መዝሙሩ ኪካኩ “ያማቡኪ” የሚባለውን ቢጫ አበባ እንዲያስገባ ሐሳብ አቀረበ ይባላል። እንቁራሪትና ያማቡኪ በድሮው ግጥም የተጣመሩ ነገሮች ናቸውና። ባሾ “አሮጌ ኩሬ” አለ። አበባውን ተወው። ጩኸቱንም ተወው። ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን ድምፅ አውጥቶ ማንም ያላዳመጠውን አስገባ።

ከዚህ የተማርኩት ደንብ ይኸው፦ ግጥሙ ስሙን የጠራውን ድምፅ በድጋሚ አታሰሙ። “የውሃ ድምፅ” የሚለው መስመር ላይ እውነተኛ የውሃ ቀረጻ ካስገባችሁ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ተናገራችሁ። ወይ ውሃው ይሰማ ቃሉ ይቅር፣ ወይ ቃሉ ይሰማ ውሃው ይቅር። የእንቁራሪት ጩኸትማ ከነጭራሹ አይግባ።

5. ቅኝቱ፦ አምባሰል ቤታችሁ ነው

ብዙ ሰው “የጃፓን ስኬል” ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሲንከራተት አያለሁ። የእኛ ሰው መንከራተት አያስፈልገውም።

በጃፓን የከተማ ሙዚቃ፣ በኮቶና ሻሚሰን በሚባለው የክር መሣሪያ፣ በስፋት የሚሰማው ቅኝት ሚያኮቡሺ ይባላል። ከዶ ብንነሳ ኖታዎቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ክራር የነካ ሰው አሁን ፈገግ ብሏል። አምባሰል ነው። ኖታ በኖታ። የኮቶ ዋነኛ አቃኛኘት የሆነውን ሂራጆሺን ውሰዱ፤ ኖታዎቹ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ናቸው። ከሬ ብትነሱ አምባሰል፣ ከሶል ብትነሱ ትዝታ ማይነር። ይህን አቃኛኘት ያስፋፋው ዓይነ ስውሩ የኮቶ ሊቅ ያትሱሃሺ ኬንግዮ ከ1614 እስከ 1685 ኖሯል። ባሾ የኩሬውን ግጥም የጻፈው እሱ በሞተ በዓመቱ ነው። ስለዚህ እነዚህ ኖታዎች ለግጥሙ ባዕድ አይደሉም።

የሙዚቃ ተመራማሪው ፉሚዮ ኮይዙሚ (1927–1983) የጃፓንን ቅኝቶች የሚያብራራበት መንገድ ለሥራ በጣም ይጠቅማል። አምስቱን ኖታ እኩል አያያቸውም። ሁለት ምሰሶ ይተክላል፤ ለምሳሌ ዶ እና ፋ። መካከላቸው አንድ የሚንቀሳቀስ ኖታ አለ፤ እዚህ ሬ ፍላት። ከዚያ ሌላ ጥንድ፦ ሶልና የላይኛው ዶ፣ መካከላቸው ላ ፍላት። ምሰሶዎቹ ላይ ይታረፋል። ሬ ፍላትና ላ ፍላት ግን ወደ ታችኛው ምሰሶ ያዘነብላሉ። ዘንበል ማለታቸው ነው ያንን የሚያሳዝን ቀለም የሚሰጠው። ይህ ለኩሬው ጥሩ መሣሪያ ሆነልኝ። የረጋውን ምሰሶ ላይ፣ የሚነካካውን ዘንባዮቹ ላይ አደረግኩት።

እኔ የሠራሁትን ላሳያችሁ። ኮርጁት፣ ከዚያ ጣሉትና የራሳችሁን ሥሩ።

ፉ ሩ ኢ ኬ ያ፦ ሶል ሶል ሶል ላ ፍላት ሶል
ካ ዋ ዙ ቶ ቢ ኮ ሙ፦ ፋ ፋ ፋ ላ ፍላት የላይኛው ዶ ሶል ፋ
ሚ ዙ ኖ ኦ ቶ፦ ሬ ፍላት ሬ ፍላት ዶ ዶ ሬ ፍላት

ኩሬው ሶል ላይ ተኝቷል፤ አንዴ ብቻ ይነቃነቃል። ዝላዩ “ቶቢ” ላይ ወደ ላይ ይወጣና ወዲያው ይወርዳል። መጨረሻው ዶ ላይ ሊያርፍ ሲል ወደ ሬ ፍላት ይመለሳል። ተንጠልጥሎ ይቀራል። ገርበብ ያለ በር ያልኩት ይህን ነው። መክፈቻ ግጥም ቤቱ ገብቶ ጫማውን አያወልቅም።

አንድ ከባድ ችግር አለ፣ በተለይ አምባሰል በደሙ ላለ ሰው። ጣት ይሄዳል። ኖታዎቹን ሲያገኝ ወሎ ይገባል። ድምፁን ያጥፋል፣ ያርገበግባል፣ የሐረግ መጨረሻ ላይ ያንን የታወቀ መውረጃ ይወርዳል። ውብ ነው፤ ግን የኩሬው ጸጥታ ይሸፈናል። ለመጀመሪያው ሥራችሁ ማስጌጫ በሙሉ ክልክል ይሁን። አንድ ሳጥን፣ አንድ ኖታ፣ ያለ ቅጥያ። ችክችካም ከጆሯችሁ ይውጣ፤ ሳጥኖቹ እኩል ናቸው፣ አይንሸራሸሩም። ይህን ከቻላችሁ በኋላ ማስጌጫው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይፈቀድ፦ ምናልባት የመጨረሻዋ ሬ ፍላት ላይ።

6. ወቅቱን አታምታቱ

በጥንቱ ሃይኩ የወቅት ቃል ይገባል፤ “ኪጎ” ይባላል። ቃላቱ በየወቅታቸው የተደረደሩበት “ሳይጂኪ” የሚባል መጽሐፍም አላቸው። እንቁራሪት የጸደይ ናት። ሲካዳ የበጋ ነው። ማታ ማታ የሚዘምሩት ፌንጣ መሰል ነፍሳት የበልግ ናቸው፤ ጃፓኖች “አኪ” የሚሉት፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ማለቴ ነው።

የአካባቢ ድምፅ ከሥር የምታስገቡ ከሆነ ይህን እወቁ። በእንቁራሪቷ ግጥም ሥር የሌሊት ነፍሳት ካስገባችሁ የጃፓን አድማጭ ወዲያው ይደናገራል። ገናን በእንቁጣጣሽ ዘፈን እንደማክበር ነው፣ በአደይ አበባ ሰዓት “አሲና በል” እንደማለት። የግጥሙን ወቅት ፈትሹ፣ ከዚያ ድምፅ ፈልጉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ምንም አታስገቡ።

7. መሣሪያውና ቀረጻው

ሻኩሃቺ የቀርከሃ ዋሽንት ነው። አምስት ቀዳዳ አለው፤ አራት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። መደበኛው ርዝመቱ አንድ ሻኩ ከስምንት ሱን ነው፤ ስሙም ከዚሁ ይመጣል። በሴንቲ ሜትር 54 ከግማሽ ገደማ። ትንፋሹ ራሱ የሙዚቃው ክፍል ነው፤ አየሩ ቀርከሃውን ሲፍቅ ይሰማል። የእኛ ዋሽንት ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ዋሽንት ያለው ሰው የኮምፒውተር ሻኩሃቺ አይፈልግ። ስልኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ትንፋሹ ይሰማል እንጂ ማይኩን አይመታውም።

ክራር ከሆነ በጣት ነጥላችሁ ምቱ፤ መግረፍ ይቅር። ከመታችሁ በኋላ እጃችሁን ክሩ ላይ አትመልሱ። የክሩ ድምፅ ሲሞት መስማት አለብን። ኪቦርድ ከሆነ ተራ ፒያኖ ይበቃል።

“ማ” የሚባል የጃፓን ቃል አለ፤ በነገሮች መካከል ያለ ክፍተት ማለት ነው፣ በቦታም በጊዜም። የሚጻፍበት ምልክት የበር ሥዕል ነው፣ መካከሉ ፀሐይ አለ። በበሩ ክፍተት ብርሃን ይገባል። ይህን ምልክት ካየሁ በኋላ ስለ ባዶ ሳጥኖቹ የማስበው ነገር ተለወጠ። በእነሱ በኩል የሚገባ ነገር አለ።

የሚገባው ምንድነው? ቤታችሁ ነው። ለዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር አድርጉ። ከመጫወታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላችሁ ክፍሉን ቅረጹ። ፍሪጅ፣ ሩቅ መኪና፣ የራሳችሁ ትንፋሽ። ስታቀናብሩ ይህን ቀረጻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሥር አስተኙት። ኮምፒውተሩ ባዶ ሳጥን ላይ የሚሰጣችሁ ዝምታ ሙት ነው፤ አድማጭ “ተቋረጠ እንዴ?” ብሎ ስልኩን ያያል። የክፍሉ ዝምታ ግን በሕይወት አለ። ድምፅ እናጠራለን የሚሉ ማጣሪያዎችን አትጠቀሙ። የገደል ማሚቶ የሚጨምረውን ሪቨርብ ደግሞ በጣም ቀንሱት፤ ባዶ ሳጥኖቹን ሞልቶ ይውጣቸዋል።

ስትቀርጹ ሜትሮኖሙን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፣ ሦስት ጊዜ። አራተኛውን ያለ ሜትሮኖም ተጫወቱ። ብዙ ጊዜ አራተኛው ነው የሚቀረው። አንድ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ሲቀርጽ ከ“ያ” በኋላ ያለው ዝምታ አምስት ሰከንድ ደረሰበት። አላስተካከልንም።

8. 18 ሰከንድ ምን ይደረጋል?

አንዱ መንገድ ሃይኩ ሲነበብ እንደሚደረገው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይነበባል። አንዴ ተጫወቱ። ግጥሙ የፈጀውን ያህል፣ 18 ሰከንድ፣ ዝም በሉ። እንደገና ተጫወቱ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ እንዲህ ያለቁ ሥራዎቼን እወዳቸዋለሁ።

ሌላው መንገድ ቅብብሎሽ ነው። በሰንሰለቱ ግጥም ከ5-7-5 በኋላ ሌላ ሰው 7-7 ይመልሳል፤ ቀጥሎ 5-7-5፣ ቀጥሎ 7-7። ባሾና ጓደኞቹ ይበልጥ የሚወዱት 36 ክፍል ያለውን “ካሰን” የሚባለውን ነበር። ከባሕር ማዶ ካለ ወዳጄ ጋር በቴሌግራም ሞክረነዋል። ሦስት ሜዠር እልክለታለሁ፣ ሁለት ሜዠር ይመልሳል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከፊትህ ላለው መልስ ስጥ፣ ከእሱ በፊት ወደነበረው አትመለስ። ሰንሰለቱ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ስምንተኛው ላይ ደርሰናል።

9. ደንቡ ሲሰበር፦ የሳፋው ግጥም

በ1680 ባሾ ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ መሃል ወጥቶ ፉካጋዋ የምትባል የወንዝ ዳር ሰፈር ጎጆ ገባ። ተማሪው አንድ የባሾ ተክል አምጥቶ ተከለለት። ባሾ ፍሬው የማይበላ የሙዝ ዓይነት ነው፤ ከእንሰታችን ጋር አንድ ቤተሰብ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ነፋስ ሲመታው ይቀደዳል። ሰውየው ስሙን ከዚህ ተክል ወሰደ። በ1681 የበልግ አውሎ ነፋስ ሌሊት የጻፈው ይህ ነው፦

ባ ሾ ኦ ኖ ዋ ኪ ሺ ቴ
ታ ራ ኢ ኒ አ ሜ ኦ –
ኪ ኩ ዮ ካ ና – – –

አውሎ ነፋስ የባሾውን ተክል ያንገላታዋል፤ እሱ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ሳፋ ላይ ሲንጠባጠብ የሚሰማበት ሌሊት ነው። ብዙዎች ጣሪያው እያፈሰሰ እንደሆነ አድርገው ያነቡታል። ክረምት ላይ ሳፋ ደቅኖ ያደረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ሳጥኖቹን እዩ። የመጀመሪያው መስመር አምስት መሆን ነበረበት፤ ስምንት ነው። ስምንቱም ሳጥን ሞልቷል። ባዶ የለም። አውሎ ነፋሱ መተንፈሻ አይሰጥም። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ባዶ ይከፈታል፣ ሦስተኛው ላይ ሦስት። ነፋሱ ውጭ ይቀራል፣ ጆሮ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ጠብታው ለብቻው ይሰማል። ቆራጩ “ካና” መጨረሻ ላይ ስለሆነ ትልቁ ዝምታ መሃል ላይ ሳይሆን ከግጥሙ በኋላ ነው። ባሾ ቁጥሩን የሰበረው በከንቱ አይደለም፤ ይህን መቁጠር የጀመርኩ ቀን ገባኝ።

እዚህ ግጥም ላይ የድምፅ ቀረጻ እፈቅዳለሁ፣ ምክንያቱም “ኪኩ” ማለት መስማት ነው። የሚሰማ ሰው አለ፣ ያለውም ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማይኩም ቤት ውስጥ ይሁን። ነፋሱን ውጭ አትቅረጹ፤ መስኮት ዘግታችሁ ከውስጥ ቅረጹት። አሁንም በጣም ጥርት ካለ ከ500 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀንሱለት፤ ከግድግዳ ማዶ ይሄዳል። ጠብታው ግን ቅርብ ይሁን፤ ስልኩን ከሳፋው ጠርዝ አንድ ስንዝር አስቀምጡ።

ጠብታውን ከሜትሮኖሙ ጋር ለማስማማት አትሞክሩ። አንዴ ቶሎ ይመጣል፣ አንዴ ይዘገያል፤ እኛ ነን የምንጠብቀው። ዜማውን 24 ሳጥን ላይ ተጫወቱ፣ ጠብታው በራሱ ሰዓት ይሂድ። አንዳንዴ ኖታ ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ባዶ ሳጥን ላይ። ባዶው ላይ ሲወድቅ ስሙት።

የኔ ሳፋ ብረት ነበር። ሲጀምር ባዶ ነው፤ ጠብታው ቀጭን፣ የሚጮህ፣ ደወል የሚመስል ድምፅ አለው። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ከሥሩ ትንሽ ውሃ ይጠራቀማል፤ ድምፁ ይከፈላል፣ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ውሃ። ቆይቶ ብረቱ ፈጽሞ ይጠፋል፤ “ጠብ” ብቻ ይሆናል፣ ወፍራምና ለስላሳ። ስለዚህ ግጥሙን ሦስት ጊዜ ተጫወቱት፦ አንዴ በባዶው ሳፋ፣ አንዴ ውሃው ሥሩን ሲሸፍን፣ አንዴ ሊሞላ ሲል። በመካከሉ ቀረጻውን አታጥፉ፣ መሣሪያውን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። ሳፋው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቀረጻውን አቁሙና ውሃውን ድፉ።